በመልካው ላይ የነበሩት ሰው

አጎቴ እንግዳ አክባሪ ነበሩ ብዬ በሙት አልዋሽም። እሑድ እሑድ ከአዲስ አበባ በመኪና የሚመጡትን ዘመዶቻችንን ይንቋቸው ነበር። እነሱም የጃንሆይ ሚኒስትር የሆኑ ይመስል ባርኔጣ ደፍተው፣ ገና ሰላምታው ሳያልቅ "ፏፏቴውን አሳየን" ይላሉ።

አጎቴም ከሰበታ በላይ ወዳለው ጫካ የወንዙን ዳር ይዘው ይመሯቸዋል። መልካው ጋ ሲደርሱ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ውሃው መሃል ይቆሙና እጃቸውን ይዘረጋሉ።

"ኮቱ! ና እንጂ ባለጫማ! ውሃ ነው እንጂ ጅብ አይደለም፤ አይበላህም!"

እንዲህ ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀሉ፣ እየተሳደቡ ሁሉንም ያሻግራሉ። ከእጃቸው አምልጦ የወደቀ ሰው አላየሁም። ፏፏቴው ሥር ፎቶግራፍ ሲነሱ ግን "እርስዎም ይግቡ" ያላቸው የለም። ለለቅሷቸው ፎቶግራፍ ፈልገን ያጣነው ለዚህ ነው።

ቀብራቸው ላይ የነበሩት እነዚሁ ዘመዶች በሣልስቱ ተመልሰው መጡ። ድንኳን ውስጥ ንፍሮ ቃም ቃም ካደረጉ በኋላ አንዱ ከረባቱን እያስተካከለ "እዚህ ድረስ ከመጣን አይቀር፣ ፏፏቴውን አይተን ብንመለስስ?" አለኝ።

ንዴቴን ውጬ መራኋቸው። መልካው ጋ ስንደርስ ቀድሜ ተሻገርኩና ከማዶ ሆኜ አየኋቸው። ሁሉም ዳር ላይ ተኮልኩለው ጫማቸውን ያያሉ። ውሃው መሃል ማንም የለም።

ባለከረባቱ ግራ ቀኝ ተገላመጠና ጮኸ፦ "እዚህ ጋ እጅ የሚሰጥ አንድ ሽማግሌ አልነበረም እንዴ?"

"ነበሩ" አልኩት። "ከትናንት ወዲያ ቀበራችኋቸው።"