የዋንዛው ልብ የት ሄደ

የእጅ መጋዝ እንጨት ሲበላ የሚያሰማው፣ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ የሚል፣ የሻከረ ትንፋሽ የመሰለ ድምፅ ባለፈው ሰሞን በአንድ አናጢ ደጃፍ ሳልፍ ጆሮዬ ገባና ደብረ ታቦር ያደግሁበትን ግቢ መለሰልኝ።

ያን ድምፅ መጀመሪያ የሰማሁት በእኛና በእነ እትዬ ዘሐራ ግቢ መካከል የነበረው ዋንዛ የተቆረጠ ጊዜ ነው። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ቢያልፉ ነው፤ እኔ ገና ፊደል ለይቼ ማንበብ የጀመርሁ ልጅ ነበርሁ። አጥሩ ግንዱን ተደግፎ ያልፍ ስለ ነበር ዛፉን የኔ ነው ያለ ሰው አልነበረም። መስከረም ላይ ነጭ አበባው በሁለቱም ግቢ ይረግፍ ነበር፤ ፍሬው ሲበስል ደግሞ እኔና የእትዬ ዘሐራ ልጅ ከድጃ ከሥሩ ተቀምጠን፣ ጣፋጩን እየመጠጥን፣ በሚያጣብቀው ሙጫው የተቀደደ ደብተራችንን እንለጥፍ ነበር። እናቴ እንጉዳይና እትዬ ዘሐራ በአጥሩ ሽንቁር ጨውና በርበሬ ሲቀባበሉ ይውላሉ፤ ማንም ማንንም አያመሰግንም ነበር። ለፋሲካ እናቴ በራሳቸው ወግ እንዲያርዷት ዶሮ ከነነፍሷ ትልክላቸዋለች፣ ለኢድ እነሱ ተምር በሳህን ይልኩልናል።

አንድ ክረምት ነፋስ ትልቁን ቅርንጫፍ ገንጥሎ የኛን ጣሪያ ሰበረው። በማዘጋጃ ቤት ይሠራ የነበረው አባቴና የእትዬ ዘሐራ ባል ነጋዴው ጋሼ ሰይድ ተማክረው፣ ፈቃድ አውጥተው፣ ዝናቡ ሲያበቃ ኅዳር ላይ አስቆረጡት። ሰንጣቂዎቹ ከእብናት በኩል የመጡ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ግንዱን ከፍ ባለ ርብራብ ላይ አጋድመው፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው ረጅሙን መጋዝ ሲስቡ፣ ብናኙ በታችኛው ሰው ፀጉር ላይ ይነሰነስ ነበር። ጣውላው ሲወጣ ዳር ዳሩ እንደ ቅቤ ነጣ ያለ፣ መካከሉ ቀላ ብሎ ቡናማ ነበር። ልቡ የሚባለው ያ ቡናማው እንደሆነ፣ እሱን ምስጥም ነቀዝም እንደማይደፍረው፣ ከመላጊያ ሥርም ለስልሶ እንደሚወጣ አባቴ ነገረኝ።

እርጥብ ጣውላ ስለሚጣመም ዓመት መድረቅ ነበረበት። የኛ ጣሪያ ገና ስላልተጠገነ፣ ሁሉም ጋሼ ሰይድ እህል በሚያስቀምጡበት መጋዘን ውስጥ፣ ነፋስ እንዲገባው በየመሐሉ ቀጫጭን እንጨት እየተደረገ ተከመረ። ቁልፉን እትዬ ዘሐራ ያዙት። በጋው አለፈ፣ ክረምቱም አለፈ።

ጥቅምት ላይ መጋዘኑ ሲከፈት ጋሼ ሰይድ «እናንተ ቅደሙ፣ የፈለጋችሁትን ምረጡ» አሉ። አባቴ አፍሮ፣ አገላብጦ ሳያይ፣ ለአልጋ የሚበቃውን ከላይ ከላይ አነሣ። እነሱም በቀረው ቁም ሳጥን አሠሩ። የኛን አልጋ የሚሠራው አናጢ ግቢያችን ውስጥ ሲልግ ቆም አለና አንዱን ጣውላ ገለባብጦ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ «ይኼ ነጩ ይበዛዋል። ልቡ የት ሄደ?» አለ። እናቴ ውኃ ልታቀብለው መጥታ ነበር፤ ጣሳውን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለፈው ሁሉ ሌላ መልክ ያዘባት። ክረምቱን በመጋዘኑ በኩል የጣውላ መንኳኳት ሰምታ እንደ ነበር ትዝ አላት። «ምረጡ» መባላችን ራሱ ማስረጃ ሆነባት፤ አስቀድሞ የደበቀ ካልሆነ ማን በዋንዛ ላይ ምረጡ ይላል? ቁልፉስ በማን እጅ ነበር? አባቴ እንድትተወው ሲለምናት «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ትለው ነበር። ፊት ለፊት ግን አንድም ቀን አልጠየቀቻቸውም።

በተከታዩ ክረምት ከአልጋው ሥር ነጭ ዱቄት መታየት ጀመረ። ነቀዝ ገብቶበት ነበር። እናቴ ጠዋት ጠዋት ትጠርገዋለች፣ በማግስቱ እዚያው ይጠብቃታል፤ በጠረገችው ቁጥር ዓይኗ ወደ አጥሩ ይሄድ ነበር። አንድ ቀን ሽንቁሩን በእሾህ ደፈነችው። እኔን ከድጃ ጋር አትጫወቺ አላለችኝም፤ ግን ከእነሱ ቤት በተመለስሁ ቁጥር ቁም ሳጥኑ ምን እንደሚመስል ትጠይቀኝ ስለ ነበር፣ መሄዴ ስለላ ሆኖ ተሰማኝና እኔው ቀረሁ። እነሱም ተለውጠው ነበር። ተምሩ ቀረ፣ የእትዬ ዘሐራም ሰላምታ አጠረ። ይህንንም እናቴ «ጥፋቷን ብታውቅ ነው» ብላ ተረጎመችው።

እንዲህ ሆነን ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ አንድ ጥር ላይ እትዬ ዘሐራ በጠና ታመሙ። በሽተኛ አለመጠየቅ ነውር ነውና እናቴ ነጠላዋን ለብሳ እኔን አስከትላ ሄደች። እግዜር ይማርሽ ብላ ከተቀመጠች በኋላ ዓይኗ ከግድግዳው ጋር ወደ ቆመው ቁም ሳጥን ሄደ፣ ቀስ ብሎም ወደ እግሩ ወረደ። ከሥሩ፣ በምንጣፉ ጠርዝ ላይ፣ እንደኛው ያለ ነጭ ዱቄት ነበር። እትዬ ዘሐራ ሲያዩዋት ኖሯል።

«እይው እንጉዳይ፣ እይው» አሏት በደከመ ድምፅ። «ምረጡ ብንላችሁ ጊዜ ልቡን ወስዳችሁ ነጩን ለኛ ተዋችሁልን።»

እናቴ ተነሥታ ወጣች። ተቆጥታ የሄደች መስሎኝ በድንጋጤ ካለሁበት አልተነቃነቅሁም፤ ከድጃም በሩ ላይ ቆማ ወለሉን ታያለች። ጥቂት ቆይታ ስትመለስ እጇን ጨብጣ ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እጇን ስትዘረጋው መዳፏ ሙሉ ዱቄት ነው።

«ከአልጋዬ ሥር ነው» አለች። «እኔ ደግሞ አንቺ ወሰድሽው ብዬ ነው የኖርሁት።»

እትዬ ዘሐራ ዱቄቱን በጣታቸው ነካ አደረጉት። ከዚያ «አላህ ይቅር ይበለን» ብለው የእናቴን እጅ ያዙ።

አባቴ ከሥራ መጥቶ ነገሩን ሲሰማ፣ ዛፉ የሁለት ቤት እጣቢ እየጠጣ ቶሎ ያደገ ለጋ እንደ ነበር፣ እንዲህ ያለው ዋንዛ ነጩ ሰፊ፣ ልቡ ቀጭን እንደሚሆን አስረዳን። እናቴ ይህን እያወቀ ለምን ዝም እንዳለ ጠየቀችው። አባቴ አቀረቀረ።

«ያወቅሁት ዘግይቼ ነው» አላት። «መጀመሪያ እኔም ሰይድን ጠርጥሬው ነበር። ካወቅሁ በኋላ ደግሞ መጠርጠሬን ማውራት አፈርሁ።»

እትዬ ዘሐራ ዳኑ። እናቴ እሾሁን ከሽንቁሩ አነሣች፣ ዶሮውም ተምሩም ተመለሰ፣ እኔና ከድጃም አብረን ትምህርት ቤት መሄድ ጀመርን። ሆኖም ሁለቱ ሴቶች ከዚያ ወዲህ አንዷ ለሌላዋ ጭብጥ ጨው ባቀበለች ቁጥር ይመሰጋገኑ ነበር።

አሁን የምኖረው ባሕር ዳር፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። አልጋዬን ከሱቅ ነው የገዛሁት፤ ብናኝ በሙጫ ተጨፍልቆ የተሠራ ነው አሉኝ፣ ልብም ነጭም የለው፣ የት እንደ በቀለም የሚያውቅ የለም። ከበሬ ፊት ለፊት የምትኖር አንዲት ሴት አለች፤ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላም ተባብለን እንተላለፋለን። እናቴ ልትጠይቀኝ የመጣች ጊዜ፣ ጎረቤትሽ እንዴት ያለች ናት አለችኝ። ጥሩ ሰው ናት፣ ምንም ክፉ ነገር አስቤባት አላውቅም አልኋት።

እናቴ አየት አደረገችኝና፣ «አታውቂያትም ማለት ነው» አለች።