«የማታዎቹን አትርሱ» ይሉ የነበሩት ጋሽ ደምሴ

አላመንኩም። አሁንም አላመንኩም።

ምሳ ሰዓት ላይ ከድር፣ የብሎካችን ባለሱቅ፣ ደወለልኝ። «ጋሽ ደምሴ ሌሊት ዐረፉ፤ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው» አለኝ። ትናንት እኮ ደረጃው ላይ አግኝተውኝ «ደክሞሻል፣ ቀስ ብለሽ ውጪ» ብለውኛል!

ሱፐርቫይዘሬን አስፈቀድኩ። «ዘመድሽ ናቸው?» አለኝ። ጎረቤቴ ናቸው አልኩት። «ለጎረቤት ፈቃድ የለም» ብሎኝ ሄደ። በሩ ላይ ጥበቃ አለ፣ ሰርቪሱ ከሰዓቱ በፊት ንቅንቅ አይልም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ እኔ ቂሊንጦ ልብስ ፋብሪካው ውስጥ ማሽኔ ላይ ተቀምጬ እያለቀስኩ እሰፋ ነበር። ጋሽ ደምሴን ሳልቀብር ቀረሁ።

ለማታውቋቸው፣ ጋሽ ደምሴ እዚህ ገላን ኮንዶሚኒየም የእድራችን ሊቀመንበር ነበሩ። በወጣትነታቸው ግን ራሺያ ተምረው ደቡብ ዋልታ ባሕር ላይ የክሪልን ብዛት ይገምቱ ነበር። ክሪል ጣት የምታህል፣ ሽሪምፕ የምትመስል ፍጥረት ናት፤ ዓሣ ነባሪውም ፔንግዊኑም የሚኖረው በእሷ ነው። «አብዝተን ከገመትን መርከቦቹ ጠርገው ይወስዷትና ዓሣ ነባሪው ይራባል። አሳንሰን ከገመትን ደግሞ አጥማጁ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል» ይሉኝ ነበር።

እናታቸውን ሊጠይቁ ለእረፍት በመጡበት እዚህ ደርግ ወደቀ። ብዙም ሳይቆይ ያስተማራቸው አገር ራሱ ፈረሰ። የሚመለሱበት መርከብ ጠፋ፣ የእኛም አገር ባሕር አልባ ሆነች። አቃቂ የፋብሪካ መጋዘን ገብተው ዕድሜያቸውን እዚያው ጨረሱ። «ሻንጣዬ መርከቡ ላይ ነው፣ እኔ እዚህ ተቀርቅሬያለሁ» ሲሉ እንስቅ ነበር። የሚያስቅ ነገር አልነበረውም።

ሙያቸውን ግን አልጣሉም። ለቅሶ ሲኖር ምን ያህል ንፍሮ እንደሚቀቀል የሚገምቱት እሳቸው ናቸው። ክሪል አንድ በአንድ አትቆጠርም፤ መርከቡ በቀጥታ መስመር እየሄደ ያገኘውን ያያል፣ ከዚያ ተነስቶ ለቀረው ባሕር ይገመታል። ጋሽ ደምሴም መስመራቸው ላይ ያለውን ሰው እየቆጠሩ ድንኳኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብለው ያቋርጡታል። ሰላም ቢሏቸው እንኳ ዞር አይሉም። እንግዳ ሰው «ምን ሆነው ነው?» ብሎ ይደነግጣል።

አንድ ጊዜ ግን ተሳሳቱ፤ የእናቴ ለቅሶ ላይ። ቀን ያለውን ሰው አይተው ገመቱ። ሲመሽ የፋብሪካ ጓደኞቼ በሰርቪስ ጎረፉ፣ ድስቱ ባዶ! ጋሽ ደምሴ ጭንቅላታቸውን ያዙ።

«ክሪል ቀን ቀን ጥልቁ ውስጥ ውላ ሲመሽ አይደል እንዴ የምትወጣው! ላይ ላዩን በቀን መረብ ጥሎ መገመት ጉድ ይሠራል እያልኩ ኖሬ፣ ምን ነካኝ?»

ከከድር ሱቅ ዳቦ ተሸክመው መጡ። ከዚያ ወዲህ በየለቅሶው «የማታዎቹን አትርሱ» ሳይሉ ቀርተው አያውቁም። ቀኑን ሙሉ ተዘግቶብን የምንውለውን እኛን ማለታቸው ነው።

ይህን የምጽፈው ሰርቪስ ውስጥ ሆኜ ነው። መንገዱ ተዘጋግቷል። ከድር አሁን ደውሎ «ንፍሮው አለ፣ ለማታዎቹ ተብሎ ተቀምጧል» ሲለኝ ለጓደኞቼ ነገርኳቸው።

ጋሽዬ፣ አፈር ሳላለብስዎ ቀረሁ፣ እርሜን አላወጣሁም። እርስዎ እንኳ ከዚህ ወጥተዋል፤ ሻንጣዎን ያግኙት፣ ባሕሩም ይስፋልዎት። ድንኳንዎን ቀጥ ብዬ ነው የማቋርጠው፣ ማንም ሰላም ቢለኝ አልዞርም።

ደህና ይሁኑ፣ ጋሽዬ። የማታዎቹ እየመጣን ነው።