ለሐዋ የሰጠሁት ዜሮ

ይህን ለሚስቴ አልነገርኳትም። ንስሐ አባቴ ፊት ቀርቤም ስንቱን ጥቃቅን ኃጢአት ስዘረዝር ይህን እየዘለልኩት ኖሬአለሁ። የኮምፒዩተር ነገር ነው፣ ለእሳቸው ምን ይገባቸዋል እያልኩ። አንባቢዬ፣ ለአንተ ልንገርህ፤ እንድታዝንልኝ ግን አይደለም።

አሶሳ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ሲ የሚባለውን የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ አስተምራለሁ። ያኔ ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ ሰሞን፣ በራሴ የምተማመን ወጣት ነበርኩ። አይ፣ እውነቱን ልናገር፤ ጉረኛ ነበርኩ። ሐዋ የምትባል ተማሪ ነበረችኝ፤ ከሸርቆሌ የመጣች፣ አማርኛን ትምህርት ቤት የለመደች የበርታ ልጅ። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ትቀመጣለች፤ እጇን አታወጣም። ስትናገር የሚስቁባት ነበሩ። እኔም አንዴ ሁለቴ ፈገግ ብያለሁ።

ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምለው ነገር ነበር። ቅድመ ሁኔታ በሚፈትነው ትእዛዝ፣ ኢፍ ውስጥ፣ “ይህም ያም እውነት ከሆነ” ለማለት && ጻፉ፤ ነጠላዋ & ቢቶችን፣ ዜሮና አንዶቹን፣ ለማመሳከር ነው፤ ኢፍ ውስጥ ካገኘኋት ዜሮ እሰጣለሁ። እንዲህ ብዬ ፎክሬ ነበር።

ለማጠቃለያ ፈተና ስለ ሁለት የውኃ ታንከሮች ጥያቄ አወጣሁ። ሁለቱም ከጎደሉ የውኃ መሳቢያው ሞተር ይነሣ፤ በየዙሩ ግን የሁለቱም ልክ ተነብቦ ይመዝገብ። ልኩን የሚያነበው የፕሮግራሙ ክፍል፣ ፈንክሽኑ፣ ታንከሩ ከጎደለ 1 ካልጎደለ 0 ብቻ እንደሚመልስም ጽፌያለሁ። ክፍሉ በሙሉ && ጻፈ። ሐዋ ብቻ & ጻፈች። በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤ ዜሮ ሰጠኋት። በዚያ ዜሮ ትምህርቱን ወደቀች፤ ነጥቧም ወርዶ ከሚባረሩት ዝርዝር ውስጥ ገባች።

ቢሮዬ መጣች። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ቆመች።

“መምህር፣ ጥያቄ ሁለቱም ይመዝገብ ይላል። ሁለት ምልክት ካደረግኩ፣ የመጀመሪያ ውሸት ከሆነ ሁለተኛ አያነብም፣ ይዘላል። አንድ ካደረግኩ ሁለቱም ያነባል።”

ገባኝ። እዚያው፣ እሷ ተናግራ ሳትጨርስ ገባኝ። አለማወቅ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ምን ያናዝዘኝ ነበር? && የመጀመሪያው ሐሰት ሲሆን ሁለተኛውን ሳያየው እንደሚያልፍ ያስተማርኳት እኔው ነኝ! የገዛ ጥያቄዬን በትክክል የመለሰች እሷ ብቻ ነበረች።

ውጤቱ ግን ሬጅስትራር ገብቷል። ለማስቀየር ቅጽ አለ፤ ቅጹ ላይ “ምክንያት” የሚል ባዶ መስመር አለ። እዚያ ላይ የመምህሩ ስህተት ነው ብዬ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ የክፍሉ ኃላፊ ዘንድ መግባት ነበረብኝ። አቃተኝ? አላቃተኝም፤ አልፈለግኩም። በሐዋ ታረመ እንዳይሉኝ ፈራሁ። ሰው ለዚህ ብሎ የሰው ልጅ ትምህርት ያስቀራል? እኔ አስቀረሁ።

“ተሳስተሻል” አልኳት። “ሂጂና በደንብ አንብቢ።”

ወረቀቷን አጥፋ ይዛ ወጣች። በሳምንቱ ተባርራ ወደ ሸርቆሌ ተመለሰች።

ዓመታት አለፉ። በቅርቡ አዲስ ተማሪዎች ስመዘግብ አንዲት ሴት ፊቴ ቆመች። ሐዋ ናት፤ ታናሽ እህቷን ልታስመዘግብ መጥታ ነው። ስታየኝ ደስ አላት። ደስ አላት! እጄን በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ እህቷ ዞረች።

“ይሄ መምህር የኔ ነው። እኔ ተሳስቼ ነበር፣ እሱ አሳየኝ። እሱን ስማ።”

ያኔስ አፌን ምን ያዘው? “ትክክል ነበርሽ” ማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ከኋላዋ ሰልፍ ነበር፤ ሰልፉን ሰበብ አድርጌ የእህቷን ስም ጻፍኩ። ከትምህርቷ ብቻ ያስቀረኋት ይመስለኝ ነበር። እሷ ግን ያን ሁሉ ዓመት ሞኟ እኔ ነኝ ብላ ኖራለች። ይህንንም ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ወጣትነቴን አላመካኝም፤ የኮሌጁን ደንብም አላመካኝም። ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝም አንተን አይደለም። የሸርቆሌ ሚኒባስ በየጠዋቱ ከመናኸሪያው ይወጣል። እስካሁን አልተሳፈርኩም።