የተማረ ሰው ሻይ

በዚያን ጊዜ እስራኤል አገር፣ ክፋር ጋኒም በሚባል ሰፈር ከእናቴ ጋር እኖር ነበር። ሁለታችንም የደም ግፊት ነበረብን። እሷ ማንበብ አትችልም፤ እኔ በኬሚስትሪ ሁለተኛ ዲግሪ አለኝ። እሷ ነጭ ሽንኩርት በማር ትበላለች፣ ሐኪም ያዘዘላትን ኪኒንም ጠዋት ጠዋት ሳትጠይቅ ትውጣለች፤ ግፊቷ ልክ ነበር። የእኔ አልነበረም።

የኩፓት ሆሊም፣ የጤና መድን ክሊኒካችን፣ ሐኪም፣ በዕድሜ የምታንሰኝ ሴት፣ ቁጥሩን አይታ፦

«ሁለት ወር እሰጥሻለሁ። ካልወረደ ኪኒን ትጀምሪያለሽ፤ ከጀመርሽ ደግሞ ዕድሜ ልክሽን ነው» አለችኝ።

እንደ ፍርድ ሰማሁት። ጎረቤቶች የመድኃኒታቸውን ወረቀት እንዳነብላቸው ወደ እኔ ይመጣሉ፤ አነብላቸዋለሁ፣ መውሰድ ሲረሱም እገሥጻቸዋለሁ። ከገሣጭነት ወደ ተገሣጭነት መውረድ አልታሰበኝም።

እናቴ ማንኪያዋን ዘረጋችልኝ።

«ቅመሺው እስቲ፣ ምን ትሆኛለሽ?»

«እማዬ፣ መጠኑ ያልታወቀ ነገር አልወስድም።»

«መጠኑማ ይታወቃል። አንድ ማንኪያ ነው።»

መጠኑ የታወቀውን ፍለጋ መሀል ከተማ ወዳለ የተፈጥሮ መድኃኒት ሱቅ ሄድኩ። ስለ ከርከዴ አበባ ጥቂት ጽሑፎች አንብቤ ነበርና፣ ፊቱ ላይ ቀይ ከርከዴ የታተመበትን የሻይ ሳጥን መረጥኩ። ከርከዴ ይኮመጥጣል፤ ይኼኛው ግን ይጣፍጥ ነበር። ጣፋጭነቱን የጥራት ምልክት አድርጌ ወሰድኩት። ጠዋት ቤት፣ ቀን ሰጉላ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር በምሠራበት የቀለም ፋብሪካ ቤተ ሙከራ፣ ማታ ደግሞ እንደገና ቤት፣ በትልቅ ኩባያ ጠጣሁ።

ግፊቴ ጨመረ። የማሰላሰል ችሎታዬን ሁሉ አስተባብሬ የደረስኩበት መደምደሚያ ኩባያው አንሷል የሚል ነበር። አንድ ጨመርኩ።

«እግርሽ አብጧል» አለችኝ እናቴ።

«አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ስለምሄድ ነው።»

«እኔስ ስንት ዘመን ቆሜ ኖርኩ፤ እንዲህ ነፍቶኝ አያውቅም።»

በሁለተኛው ቀጠሮ ሐኪሟ በቀኝም በግራም ክንዴ ለካች፤ ከዚያ ምን እንደምወስድ ጠየቀችኝ። ስለ ከርከዴ ሰፊ ማብራሪያ ሰጠኋት። በትዕግሥት ሰማችኝ። ማስረጃ ይሆነኛል ብዬ ሳጥኑን ይዤ ነበርና አወጣሁት። ፊቱን ሳታይ ገልብጣ ጀርባውን አነበበች።

«ሹሽ አለበት» አለች። «ለማጣፈጫ የሚጨምሩት ሥር ነው። ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ውሃም ያስቋጥራል። ብዙ ጠጥተሻል?»

«በጥብቅ ሥርዓት» አልኩ።

«ኬሚስት ነኝ አላልሽኝም?»

«የቀለም።»

ሳቋን ለመደበቅ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። የደም ምርመራ አዘዘችልኝ፤ ፖታሲየሜ ወርዶ ተገኘ። ሻዩን አቆምኩ። እብጠቱ ጎደለ፤ ግፊቴም ወረደ። የወረደው ግን መጀመሪያ ወደነበረበት ድረስ ብቻ ነበር። ያ ሁሉ ድካም ወደ ተነሣሁበት ስፍራ መለሰኝ፤ ሐኪሟም ማዘዣውን ጻፈች።

የመጀመሪያውን ኪኒን ልውጥ ስል እናቴ ውሃ ይዛ አጠገቤ ቆመች።

«መጀመሪያ ላይ ያዞራል። ተቀመጪ።»

«አውቃለሁ፤ ወረቀቱን አንብቤዋለሁ።»

«አንብበሻላ። አሁን ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ።