ሂክማን «የት?» ማለት ያስተውኳት እኔ ነኝ

ይህን ለወንድሜም ለሚስቱም ነግሬ አላውቅም። ሰግጄ ዱዓ ሳደርግ እንኳ ዘልዬው ነው የማልፈው። አሁን ግን መሸከሙ ደከመኝ።

የወንድሜ ልጅ ሂክማ ኦቲዝም አለባት። አምስት ዓመት እስኪሆናት የፈለገችውን እጃችንን እየጎተተች ታሳየን ነበር እንጂ ጠይቃ አታውቅም። መጠየቅ ያስተማረቻት እናቷ ዘይነባ ናት። ሩዙን አቅርባላት ማንኪያውን ትደብቅና ዝም ብላ ትጠብቃታለች። ሱቅ ደጃፍም፣ ባጃጅ ውስጥም እንዲሁ። «የት ነው?» የሚለው ቃል ከልጅቷ አፍ የወጣ ቀን ዘይነባ ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

በኋላ ኑሮ ከበዳቸውና ዘይነባ ለሥራ ዐረብ አገር ሄደች። ወንድሜ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ቤት አይውልም። ልጅቷ እኔ ጋ ቀረች።

በማግስቱ «ኡሚ የት ናት?» አለችኝ።

እውነቱን ብነግራት ምን ነበረበት? እኔ ግን «ቀፊራ ገበያ ሄዳለች፣ አሁን ትመጣለች» አልኳት። አመነችኝ። ቀፊራ ስወስዳት ሻርፕ የለበሰችውን ሴት ሁሉ ቀና ብላ ፊቷን ታያለች። ቤትም «ኡሚ የት ናት?»፣ መንገድም «ኡሚ የት ናት?»። አንድ ቀን በዚያ ሙቀት ሽንኩርት ሻጮቹ መሀል ትከሻዋን ይዤ ነቀነቅኳት።

«ሁለተኛ የት እንዳትዪኝ! ሰማሽ? የት የሚባል ነገር የለም!»

ሰማችኝ። የነገሯትን ቃል በቃል የምትይዝ ልጅ እንደሆነች አውቅ ነበር። ከዚያ ወዲያ ስለ እናቷም ስለ ምንም መጠየቅ ተወች። ውሃ ሲጠማት እንኳ እጄን መጎተት ጀመረች። እኔስ ምን ተሰማኝ? እፎይ አልኩ። አዎ፣ እፎይ አልኩ።

ዘይነባ ስትደውል «አሁንም ትጠይቃለች አይደል?» አለችኝ።

«ኧረ እሱስ በራሱ ጠፋ። ያው ሕመሙ ነው» አልኳት።

ጩኸቴ ሳያንስ ጥፋቴን በልጅቷ ላይ ጫንኩት። ደክሞኝ ነበር ብዬ አላመካኝም። እናቷም ደክሟት ታውቃለች፣ እንዲህ ግን አላደረገችም።

ዘይነባ ዘንድሮ ተመልሳ እንደ አዲስ እያስተማረቻት ነው። ሂክማ አንዳንዴ ልትጠይቅ አፏን ትከፍታለች። ግን አስቀድማ ወደ እኔ ታያለች፣ ከዚያ ትዘጋዋለች።

«አየሽ፣ ካንቺ ዓይኗን አትነቅልም» ትለኛለች ዘይነባ፣ ፍቅር መስሏት። «አላህ ይስጥልኝ፣ አሳድገሽልኛል።»

እኔም አሜን እላለሁ።