ማጭድና መዶሻው ሥር የቆየችው

ዛሬ አያት አካባቢ ያለ ፍሬም ሠሪ ከእማዬ ቤት የወሰድኩለትን ሥዕል በራሰ ጥጥ ሲጠርግ፣ ማጭድና መዶሻው ለቀቀና ከሥሩ ማርያም ወጣች።

ሥዕሉን በደርግ ጊዜ አባቴ ነው ለሥራ ከሄደበት አውሮፓ ያመጣው። የአሣሣል ስልቱን ሮኮኮ ይሉታል፦ ጫካ፣ ሮዝ ደመና፣ ሐር ለብሰው የተንጋለሉ ወይዛዝርት፣ መንገድ ዳር ደግሞ አንዲት ትንሽ የድንጋይ ጎጆ። ጎጆዋ ላይ ማጭድና መዶሻ። ወይዛዝርቱ ላብ አደሮች መሆናቸው ነው እንግዲህ!

እማዬ ጠዋት ጠዋት ከቦሌው ቤታችን ስትወጣ ሥዕሉ ፊት ቆማ ጎንበስ ትል ነበር። አንድ ቀን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ድንገት ደርሶ ተመለከታት።

በእሑዱ ስብሰባ አስነስቶ አስጨበጨበላት። "ለሠርቶ አደሩ ዓርማ እንደ እኚህ ጓድ ክብር የሚሰጥ አላየሁም!"

እኔም አመንኩ። ደርግ ከወደቀ ጀምሮ እስከ ትናንት "ጓድ እማዬ" እያልኩ ሳበሽቃት ኖርኩ። እሷ ግን ጎንበስ ማለቷን አልተወችም። አዋቂው እኔ ነኛ!

ዛሬ እዚያው ሆኜ ደውዬ "እማዬ፣ ማርያም ወጣች!" ስላት ምንም አልደነቃትም። ስትነግረኝ ለካ ጎጆዋ የጸሎት ቤት ናት፤ ፍተሻ ሊመጣ ነው ሲባል አባቴ ራሱ ነው በጥድፊያ ቀለም የደረበባት።

"ስንት ዓመት ጠፍታ ዛሬ ተገኘች በይኛ" አልኳት።

"የት ሄዳ ታውቅና ነው?" ብላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

እስቲ እናንተስ ቤት ከቀለሙ ሥር ማን አለ? እንደኔ ሠላሳ ዓመት ሳትቀልዱ ጠይቁና ጻፉልኝ።