በእርጥብ ጨርቅ የጠረግኩት ሰሌዳ

መምህር ጴጥሮስ ሊያስተምሩኝ ከአባቴ እጅ ተቀብለውኝ አላስተማሩኝም። በደሉ ይኸው ነው፤ ሌላ ጌጥ አያስፈልገውም።

ሰሞኑን ልጄን ላስመዘግብ ትምህርት ቤት ሄጄ አንዲት ተማሪ ጥቁር ሰሌዳ በእርጥብ ጨርቅ ስትጠርግ አገኘኋት። የረጠበ ጠመኔ ሽታ ዝናብ የነካው አመድ ሽታ ይመስላል። ሌላው ሰው ሲሸተው የተማረበት ክፍል ትዝ ይለው ይሆናል። እኔ ክፍል አልነበረኝም። ትዝ የሚለኝ ሆሳዕና፣ ከካቶሊክ ሚሲዮኑ ጀርባ የነበረው የመምህር ጴጥሮስ በረንዳ ነው።

አባቴ ከሆመቾ ይዞኝ የመጣው ንጉሡ በወረዱ በዓመቱ ነው። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮና አንድ ቅል ቅቤ ይዞ ነበር። መምህር ጴጥሮስ የአንጋጫ ሰው ናቸው፤ ከአባቴ ጋር የተዋወቁት ገበያ ላይ ነው። ቡናማ ኮታቸውን እንደለበሱ በረንዳው ላይ አቆሙኝና፣ «እጅህን በአናትህ ላይ አዙረህ ጆሮህን ያዝ» አሉኝ። ያዝኩ። ያን ጊዜ ለትምህርት መድረስ የሚለካው በዚህ ነበር።

«ደርሷል» አሉ። «እዚሁ ከእኔ ጋር ይቀመጣል፣ እጅ እጄን እያየ ይላላካል፣ መስከረም ላይ ይገባል።»

አባቴ ጎንበስ ብሎ፣ «ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ እንጂ ቢገርፉትም ግድ የለኝም። ብቻ ይማርልኝ» አለ።

አልገረፉኝም። ይህንንም መናገር አለብኝ። ወባ የያዘኝ ጊዜ ያንን ቡናማ ኮት ደርበውልኝ አጠገቤ አምሽተዋል። ከትሪያቸው ጎርሻለሁ። ክፉ ሰው ቢሆኑ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። መስከረም መጣ፤ ሚስታቸው ታመው ተኝተው ነበርና ውሃ የሚቀዳ ሰው ጠፋ። «ለከርሞ» አሉኝ። ከርሞ ሲደርስ ጋጣው ፈረሰ። በሚቀጥለው ደግሞ አገሩ ተረበሸ፣ ተማሪው ታፈሰ፣ «ዘንድሮ ቤት መዋል ይሻላል» አሉ። እኔም በየመስከረሙ ማንም ሳያዘኝ ጓሮ ገብቼ ጆሮዬን እይዝ ነበር። ኋላ ኋላ እጄ ጆሮዬን አልፎ አገጬ ጋ ደረሰ።

ወደ ማታ በረንዳው ላይ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጁ ልጆች ይሰበሰባሉ። ሰሌዳው አሮጌ በር ነበር፤ የተቀጠቀጠ የባትሪ ድንጋይ ከቅጠል ጭማቂ ጋር አዋህደው ያጠቆሩት ራሳቸው ናቸው። ድንጋዩን የቀጠቀጥኩት ግን እኔ ነኝ። መምህር ጴጥሮስ ዘርአ ክህነት ገብተው ከነጮቹ ቄሶች ላቲን ተምረው፣ ቅስናውን ትተው እንግሊዝኛ አስተማሪ የሆኑ ሰው ነበሩ። ከሁሉ የሚያንገበግባቸው ከላቲን ወደ እንግሊዝኛ የገቡ ቃላት አበዛዝ ነበር። ካድሬው በስብሰባ ላይ ሲያገሳ ዝም የሚሉት ሰው፣ አንድ ተማሪ «ባክቴሪያስ» ካለ ከመቀመጫቸው ይነሳሉ።

«ስሙኝ!» ይላሉ ጠመኔውን ከፍ አድርገው። «ወደ ሰው ቤት የገባ ቃል ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቤተኛ ሆኗል፤ እንደ ቤቱ ልጅ ይለብሳል። ሙዚየም ሲበዛ ሙዚየምስ፣ አልበም ሲበዛ አልበምስ። አዋቂ ለመምሰል የላቲን ካባ አታልብሱት። ሌላው ያገሩን ልብስ አላወለቀም፤ እንግዳ ነው፣ በእንግድነቱ አክብሩት። ባክቴሪየም ሲበዛ ባክቴሪያ፤ ስቲሙለስ ሲበዛ ስቲሙላይ። የቱ ቤተኛ፣ የቱ እንግዳ እንደሆነ አጥንቶ መያዝ ነው። በግምት የሚሄድ ይወድቃል!»

ልጆቹ ይቀበላሉ፤ በረንዳው እንደ ቅዳሴ ያስተጋባል። ሲያበቁ እኔ ጨርቄን ነክሬ ሁሉንም እጠርጋለሁ። የምጠርገው የትኛው ሙዚየም፣ የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነ አላውቅም። ነጭ ውሃ ሆኖ በክንዴ ላይ ይወርዳል።

አንድ ማታ ጨርቁን እንደያዝኩ፣ «ጋሼ፣ እኔስ? ቤተኛ ነኝ እንግዳ?» አልኳቸው።

አንዱ ተማሪ ቀደማቸውና፣ «ሎምቤቦ ገና ነጠላ ነው! ሲበዛ እናየዋለን» አለ። በረንዳው በሳቅ ፈረሰ። መምህር ጴጥሮስም ሳቁ። መልስ ግን አልሰጡኝም። ቤተኛ እንዳልሆንኩ የቤቱ ልጆች ደብተር ይዘው ሲወጡ አያለሁ። እንግዳ ደግሞ እንጨት አይፈልጥም።

አባቴ በገበያ ቀን ብቅ ይል ነበር። ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ «መምህር፣ ልጄ እንዴት ነው?» ይላል። «እየበረታ ነው» ይሉታል። ውሸት አይደለም፤ ክንዴ በርትቷል። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አደራ፣ አታሳፍረኝ» ብሎ ይሄዳል። እሳቸው አጠገባችን ቆመው እኔ ምን እላለሁ? አባቴ በጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ተማሪ ነው» እያለ ሞተ። ለቅሶው ላይ አንድ ዘመድ እጄን ይዞ፣ «አንተስ ተምረሃል፣ ቤቱን ታቀናለህ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ወደ በረንዳው አልተመለስኩም። ሆሳዕና አውቶቡስ ተራ ገብቼ ጫኝና አውራጅ ሆንኩ።

ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ በኋላ፣ በቀበሌው አዳራሽ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ያስተማረችኝ በዕድሜ የምታንሰኝ ልጅ ናት። ምስክር ወረቀት በሚሰጥበት ቀን እንዲሸልሙን የተጋበዙት መምህር ጴጥሮስ ሆነው ተገኙ። ሽበታቸው አናታቸው ላይ የጠመኔ ብናኝ የረገፈ ይመስላል። እጄን ጨበጡና ፈገግ ብለው፣ «በርታ ጓድ! ስምህ ማን ነው?» አሉኝ።

ያንን ድንጋይ የቀጠቀጠ እጅ ጨብጠው ስሜን ጠየቁኝ። እኔም ስሜን ሳልናገር ወጣሁ። በማግስቱ ሽማግሌ ፍለጋ ሄድኩ።

በእኛ በሀዲያ ዘንድ ተቀያይሞ መስቀልን መብላት ነውር ነው። ከበዓሉ በፊት ቂም ያለው ቂሙን ያወጣል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ የታረቁት ከአንድ ገበታ አተካና፣ በቅቤ የራሰውን የቡላ ምግብ፣ ይበላሉ። በዋዜማው ከትልቁ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ አቶ ዳቶሮ ነበሩ። ነገሬን ተናገርኩ። መምህር ጴጥሮስ ስሜን ሲሰሙ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«እውነቱን ነው» አሉ። «ውሃ የሚቀዳልኝ ሌላ ሰው አልነበረም። ለከርሞ እያልኩ የልጁ ዕድሜ አለፈብኝ። አባቱንም እያየሁ ሸነገልኩት።»

ሽማግሌዎቹ ፈቀቅ ብለው ተማከሩና አንዲት ጊደር ፈረዱልኝ።

«ጊደር አልፈልግም» አልኩ።

አቶ ዳቶሮ ከዘራቸውን መሬት ወጉ። «ጊደር እንቢ የሚል የሀዲያ ልጅ ዛሬ አየሁ! ታዲያ ምንድን ነው የምትፈልገው?»

«የተባልኩትን ያስተምሩኝ።»

«ፊደል ይታለባል እንዴ፣ አንተ ሰው?» ሽማግሌዎቹ ሳቁ።

«አባቴ የሰጠኝ ሊታለብ አይደለም» አልኩ። ሳቁ ቆመ። ሽማግሌዎቹ እንደገና ተማከሩ። ከዚያ፣ «እስከሚመጣው መስቀል ያስተምርህ፤ ያን ዕለት እንጠይቅሃለን» ብለው ፈረዱ።

የመጀመሪያው ማታ ወደዚያ በረንዳ ሄድኩ። ሰሌዳው እዚያው አለ። ትምህርቱ ሲያበቃ ልማድ ሆኖብኝ ብድግ አልኩ፤ ጨርቁን ፍለጋ እጄ ወደ ባልዲው ሄደ።

«ተቀመጥ» አሉኝ። አሞሌ ጨው የሚሸከም ሰው ይመስል ጎብጠው፣ ጨርቁን ነክረው፣ ራሳቸው ጠረጉ። ነጩ ውሃ በኮታቸው እጅጌ ገባ። እኔ ተቀምጬ አየሁ። አላገዝኳቸውም።

ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ሆነ። ከአማርኛው ወደ እንግሊዝኛው ተሻገርን። ክረምቱ መጨረሻ ላይ እዚያ ነገራቸው ላይ ደረስን፤ ሙዚየምስና ባክቴሪያ። ልጅ ሆኜ የሰማሁትን ሁሉ በቃሌ አልኩላቸው፤ አሁን ግን ጠመኔው በእኔ እጅ ስለነበር እያንዳንዱን ጻፍኩት። መምህር ጴጥሮስ ብዙ አላመሰገኑኝም። ሰሌዳውን እያዩ፣ «የዚያን ማታ የጠየቅኸኝን አልረሳሁትም» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ቤተኛ ነበርክ። እኔ ነኝ ያላለበስኩህ።»

ጠመኔውን መለስኩላቸው። 

በመስቀል ዋዜማ ከዛፉ ሥር እንደገና ተቀመጥን። አቶ ዳቶሮ፣ «እህ፣ ሎምቤቦ፣ ጠገብህ ወይስ ጊደሯን እናምጣት?» አሉኝ።

«አልጠገብኩም» አልኩ። «አባቴ አላየውም። ነገር ግን ቃላቸውን ፈጽመዋል፤ ጉዳዩ ተዘግቷል።»

ከአንድ ገበታ በላን። ቅቤው በሁለታችንም ጣቶች ላይ ወረደ። ስነሳ መምህር ጴጥሮስ ሰሌዳውን እንድወስደው ነገሩኝ። ዛሬ ልጄ የምትጽፍበት እሱ ነው፤ ስትጨርስ የምጠርገው እኔ ነኝ፣ ማንም ሳያዘኝ። ያን ቀን ከበረንዳው አንስቼ በጀርባዬ አዝዬው ደመራው በሚነድበት ሜዳ በኩል ወደ ቤቴ ሄድኩ።

መስከረም 16 ቀን 1979 ዓ.ም. ነበር።